ለመጽሐፋችን ሽማግሌ ሲላክ

የሚወደድ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሊቀየር ነው ሲባል ደስ የሚለው ሰው አለ፤ መጽሐፉን ያላነበበው። ያነበበው ግን ወሬውን እንደ ሰማ ፊቱ ይጠቁራል። "ማን ነው የሚሠራው?" ብሎ ይጀምራል። "ጠንቋዩን ጋንዳልፍን ማን ሊሆን ነው?" ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ "በቃ፣ አበላሹት!" ብሎ ይደመድማል። ልብ በሉ፤ ገና ስክሪፕቱ አልተጻፈም፣ ተዋናይ አልተመረጠም። እስካሁን የተበላሸ ነገር ቢኖር የአንባቢው እንቅልፍ ብቻ ነው።

የፋንታሲ አንባቢ ደግሞ ይብስበታል። የወንጀል ልቦለድ የሚወድ ሰው መርማሪው ጺሙን ተላጭቶ ቢመጣበት ይታገሣል። የፋንታሲው አንባቢ ግን አገሩን በሙሉ የሠራው ራሱ ነው። ደራሲው "ተራራ" ብሎ አንድ ቃል ሰጠው፤ ተራራውን ያቆመው፣ ጭጋግ ያለበሰው፣ ግርጌው ላይ በግ ያሰማራው አንባቢው ነው። ለዚህ ሁሉ ሥራ አምስት ሳንቲም አላወጣም፣ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፣ እስከ ዛሬም አንድ ሰው ወጥቶ አልተቸውም። አሁን የማያውቀው ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዞ መጥቶ "ተራራው እኮ እንዲህ ነው" ሊለው ነው። ቢከፋው ይፈረድበታል?

ነገሩ ቁርጥ ሽማግሌ የተላከበት ቤት ነው። ሽማግሎቹ በር ላይ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" ይላሉ። አባት ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ለመሆኑ ልጁ የማን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) የ"ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" አንባቢ ቤት የመጡት ሽማግሎች የያዙት ስም ፒተር ጃክሰን የሚባል ነበር። የኒውዚላንድ ሰው ነው። ጸጉሩ ማበጠሪያ አያውቅም፤ ቁምጣ ለብሶ በባዶ እግሩ መሄድ ይወዳል። እስከዚህ ድረስ እንኳ ችግር የለም፤ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱት ሆቢቶች ወገን ነው ተብሎ ይታለፋል። ጣጣው የመጣው ሥራው ሲጠየቅ ነው።

ሽማግሌው ምን ብሎ ይመልስ? "ልጁ በ1987 'ባድ ቴስት' የሚባል ፊልም ሠርቷል። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን የሰው ልጅን እያረዱ ለፈጣን ምግብ ቤታቸው ሥጋ የሚያዘጋጁበት ነው።" አባት ዝም። "በ1992 ደግሞ 'ብሬይንዴድ'ን ሠራ። መጨረሻው ላይ ጀግናው የሣር ማጨጃ ማሽን ታቅፎ ቤቱን የሞሉትን ሬሳዎች ያጭዳቸዋል።" አባት አሁንም ዝም፤ እናት ግን ከጓዳ ሆና ታማትባለች። ሽማግሌው ላብ አጥምቆት የመጨረሻውን ያወጣል፤ "በ1994 የሠራው 'ሄቨንሊ ክሪቸርስ' ግን በስክሪፕቱ ለኦስካር ታጭቷል!" ለመሆኑ እሱ ስለ ምን ነው? ሁለት ወጣት ሴቶች የአንዷን እናት ስለ መግደላቸው።

እንግዲህ ቶልኪንን የመሰለ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር፣ የጥንት እንግሊዝኛ ሊቅ፣ ለኤልፎቹ ቋንቋ ሰዋስው ሳይቀር ያበጀ ሰው ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ ያሳተመውን ሥራ ለዚህ ልጅ ስጡ ተባለ። አንባቢው አልጮኸም ብትሉኝ አላምናችሁም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የተጨነቀ አድናቂ ቶልኪን ራሱ እንደ ነበር ስንቱ ያውቃል? ጃክሰን ከመወለዱ በፊት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች መጽሐፉን በካርቱን እንሥራው ብለው ታሪኩን ያሳጠረ ጽሑፍ ላኩለት። ጸሐፊው ዚመርማን የሚባል ሰው ነው። ቶልኪን በ1958 የጻፈውን መልስ ያነበበ ሰው ዛሬ በየሻይ ቤቱ ሲነታረክ የምናየውን አድናቂ ያገኘዋል። ንስሮቹ ያለ ቦታቸው ለምን ይመላለሳሉ? ኦርኮቹን ምንቃርና ላባ ያበቀለባቸው ማን ነው? ሆቢቶቹ ለምንድን ነው መሣቂያ የሚያክል ረጅም ሳንድዊች የሚበሉት? የኤልፎቹን የመንገድ ስንቅ የወታደር ኮቾሮ አስመስሎ መጥራትስ ምን የሚሉት ነው? ሰውዬው ነጥብ በነጥብ እየለቀመ፣ ጥርሱን እየነከሰ ነው የጻፈው። ከአሳታሚው ጋር የያዙት አቋም ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ ወይ ጠቀም ያለ ገንዘብ፣ ወይ ለሥራው ተገቢው ክብር። ሁለቱም ከሌሉ ፊልም የለም። በ1969 መብቱን ለዩናይትድ አርቲስትስ ሸጠው። የትኛው እንዳሸነፈ እናንተ ገምቱ።

ወደ ጃክሰን ልመለስ። ቀረጻው በጥቅምት 1999 ተጀመረ። ገና ከመጀመሩ ጀግናውን አራጎርንን እንዲሠራ የተመረጠው ስቱዋርት ታውንሴንድ ለሚናው ልጅ ነህ ተብሎ ተሰናበተ። በድንገት ስልክ የተደወለለት ቪጎ ሞርቴንሰን መጽሐፉን ከነአካቴው አላነበበውም። ልሂድ አልሂድ ሲል የቆረጠለት የ11 ዓመት ልጁ ነው። ልጁ አንብቧል። አባትየው መጽሐፉን አውሮፕላን ላይ እያነበበ ኒውዚላንድ ገባ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር መሐል የመጨረሻውን ቃል የተናገረው አንድ አንባቢ ሕፃን ነው።

ወሬ እየሾለከ ሲመጣ የአንባቢው ጭንቀት ስም አወጣ። አንደኛው ስም ቶም ቦምባዲል ነው። ላላነበባችሁ፤ ቢጫ ጫማ ያደረገ፣ ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ ከአፉ ዘፈን የማይጠፋ፣ ታሪኩ የሚዞርበት ቀለበት ምንም የማያደርገው ሽማግሌ ነው። ከየት እንደ መጣ ደራሲው አልተናገረም። ከታሪኩ ቢወጣ ታሪኩ አይፈርስም፤ ጃክሰንም ይህን አይቶ አስቀረው። ነገር ግን አንባቢ መጽሐፍ የሚወደው ለአስፈላጊነቱ ነው ያለው ማን ነው? ሁለተኛው ስም አርዌን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ብዙም የማትታየዋ ልዕልት በፊልሙ ሰይፍ መዝዛ ሄልምስ ዲፕ ጦርነት ላይ ልትዋጋ ነው ተባለ። እሳት ተነሣ። ወሬውም ከንቱ አልነበረም፤ ሊቭ ታይለር ስትዋጋ ተቀርጻለች። ፊልሙ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ቀርቶ ልዕልቲቱ ቤቷ ተቀምጣ ስታዝን አየናት። በወንዙ ማዶ፣ መጽሐፉ ላይ የኤልፉ የግሎርፊንደል የነበረውን ፈረሰኛነት ቀምታ መውሰዷን ግን ማንም አላስጣላትም፤ የግሎርፊንደል ወገኖች እስከ ዛሬ ድረስ ቂማቸውን አልተዉም።

የመጀመሪያው ፊልም በ2001 መጨረሻ ወጣ። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሲደርስ ባለቤቱ "ካሜራ ኮፒ ነው፣ ግን ጥራት አለው" ብሎ አከራየን። በሦስት ሲዲ ነው። አብሮኝ ያየው ወዳጄ መጽሐፉን ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ገዝቶ ጠርዙ እስኪላላ ያነበበ ሰው ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። የቀረውን ሊመዘግብ ነው። ገና በሆቢቶቹ አገር ሳለን አንድ ትልቅ ጥቁር ጥላ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ።

"ይሄ ደግሞ ማን ነው? መጽሐፉ ላይ የለም!"

ጥላው ፊልሙ በድብቅ ከተቀረጸበት ሲኒማ ቤት ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ተመልካች ነበር። ወዳጄ ይህን ሲረዳ ትንሽ አፈረ፣ ግን ወረቀቱን አላስቀመጠም። ሦስተኛው ሲዲ ተጭሮ ኖሮ ኤልፎቹ ጫካ ስንደርስ እየዘለለ ሄዶ ጀልባዎቹ ላይ ጣለን። የኤልፎቹ እመቤት የጋላድሪኤል መስተዋት ያለበት ቦታ በሙሉ የለም። ወዳጄ ተነሥቶ ቆመ። ይህን ያህል ድፍረት አልጠበቀም። ከዚያ ወዲያ ለወራት ሰው ባገኘ ቁጥር "ጃክሰን መስተዋቱን ቆረጠው" እያለ ሲያማው ከረመ። ኋላ ንጹሕ ኮፒ ተገኝቶ መስተዋቱ ከነውኃው፣ ከነጋላድሪኤል ሲታይ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አሳጥሮታል።"

አድናቂ ይህን ያህል ነው። በዓይን ቀለም የሚጣላም አለ። ሃሪ ፖተርን ያነበበ ሁሉ የልጁ ዓይን አረንጓዴ እንደ ሆነ፣ የእናቱም ዓይን እንደ ሆነ በእንቅልፍ ልቡ ይነግራችኋል፤ ሰባቱም መጻሕፍት የሚነግሩት ይህንኑ ነውና። ዳንኤል ራድክሊፍ ተመርጦ አረንጓዴ ሌንስ ሲደረግለት ግን ዓይኑ አልተቀበለውም፤ ቆጣ። ደራሲዋን ራውሊንግን አማክረው ሌንሱ ቀረ፤ የእናትና የልጅ ዓይን እስከተመሳሰለ ድረስ ቀለሙ ምንም ይሁን ተባለ። አንባቢው አጉረምርሞ ተቀበለ። አሥር ዓመት ጠበቀ። በ2011 የመጨረሻው ፊልም ላይ ሕፃኗ እናቱ ስትታይ ዓይኗ ቡናማ ነው፤ የልጁ ሰማያዊ። እንግዲህ በስምንት ፊልም ውስጥ የቀረችውን አንዲት ስምምነት ማክበር ያቃተው ሰው ምን ይባላል? እዚህ ላይ እኔ ከጯኺዎቹ ጋር ነኝ። ዳምብልዶርም ቢሆን፣ መጽሐፉ ላይ ልጁን ረጋ ብሎ ስለ ዋንጫው የሚጠይቀው ሽማግሌ፣ በ2005ቱ ፊልም ላይ ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ አንቆ ሲያንዘፈዝፈው፣ ማይክል ጋምበን ትልቅ ተዋናይ መሆኑን ባልክድም፣ "ኧረ አያታችን፣ ይረጋጉ!" አሰኝቶኛል።

ሁሉም ግን የዓይን ቀለም ጨዋታ አይደለም። ኡርሱላ ሌ ጉዊን በ1968 "የኧርዝሲ ጠንቋይ"ን ስትጽፍ ዋናውን ሰው ጌድን የቀይ ዳማ መልክ ሰጠችው። በዚያ ዓለም አብዛኛው ሰው ቆዳው ጠቆር ያለ ነው፤ ነጮቹ የዳር አገር ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ የፋንታሲ ጀግና ነጭ መሆኑ እንደ ሕግ ይታይ ስለ ነበር አስባበት፣ ሆን ብላ ነው። በ2004 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድ ነጭ ወጣት ሆኖ መጣ። ደራሲዋ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ያማከራት ግን አልነበረም። በግልጽ ጽፋ ተቃወመች፤ ጥቁር አንባቢዎቿ በፋንታሲ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙበትን አንድ መጽሐፍ እንዴት እንደ ነጠቋቸው ተናገረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓኖቹ፣ የጂብሊ ስቱዲዮው ጎሮ ሚያዛኪ፣ ሌላ ሲሠሩ ደግሞ መልሷ ጨዋ ነበር፤ የእኔ መጽሐፍ አይደለም፣ ያንተ ፊልም ነው፣ ፊልምነቱ ግን ጥሩ ነው የሚል።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ ዛሬ በተቃራኒው የሚጮኽ ስላለ ነው። በ2022 አማዞን የቶልኪንን ዓለም "ሪንግስ ኦፍ ፓወር" ብሎ ሲያመጣ ጥቁር ኤልፍና ጥቁር የድዋርፎች ልዕልት ታዩ። ዘንዶ ሲበር፣ ዛፍ ሲናገር፣ ጠንቋይ ሞቶ ነጭ ለብሶ ሲነሣ አሜን ብሎ የተቀበለ ሰው "ይሄማ ከእውነት የራቀ ነው" ብሎ ተነሣ። ደግነቱ ከመካከላቸው እውነተኛው አድናቂ ወዲያው ይለያል። እሱ የሚጨነቀው ልዕልቲቱ ጺም ስለሌላት ነው። የድዋርፍ ሴት ጺም አላት ብሎ ቶልኪን የጻፈውን ያውቃላ! በዚህ የሚከራከር ሰው ባገኝ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ደራሲዎቹ ራሳቸው ከአድናቂው የባሱ ናቸው። "ሜሪ ፖፒንስ"ን የጻፈችው ፓሜላ ትራቨርስ በ1964 የምረቃው ምሽት አልቅሳለች፤ የደስታ እንባ አልነበረም። ጀርመናዊው ሚካኤል ኤንደ "ማለቂያ የሌለው ታሪክ" በ1984 ፊልም ሲሆን ስሜን አውጡልኝ አለ።

የእኛስ? የእኛ አንባቢ ይህን በሽታ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ የሰማ ሰው ተራኪውን ወጋየሁ ንጋቱን ከጉዱ ካሣ መለየት አይችልም። መጽሐፉን ገልጦ ለብቻው ቢያነብም የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሊተርከው ቢነሣ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያስቸግርም። ሆኖም ሬዲዮ ደግ ነው፤ ድምፁን ወስዶ መልኩን ለአድማጭ ይተዋል። የእናቴ ሰብለ ወንጌልና የእኔ ሰብለ ወንጌል መልካቸው ለየቅል ነው፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ፊልም ግን መልኩንም ይወስዳል። አንዴ ኢያን ማኬለንን ያየ ሰው ድሮ የሠራውን ጋንዳልፍ ቢፈልገው አያገኘውም። አንባቢው እንደሚያጣው እያወቀ ሄዶ ትኬት ይቆርጣል፤ እኔም ቆርጫለሁ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይጠቅማል? ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ የሚጠቅመው ግን ፊልም ሠሪውም አብሮ ሲጨነቅ ነው። ጃክሰን አንባቢውን ፈርቷል። መጽሐፉን ለዓመታት በሥዕል ሲያስጌጡ የኖሩትን አለን ሊንና ጆን ሃውን ኒውዚላንድ ድረስ አስመጥቶ ከተሞቹን በእነሱ እጅ አስነደፈ። የጠንቋዩን የሳሩማንን ሚና የሰጠው ለክሪስቶፈር ሊ ነው፤ ሊ ቶልኪንን በአካል ያገኘ፣ መጽሐፉን በየዓመቱ የሚያነብ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቀረጻ ቦታ ላይ ቆሞ እያየህ ታሪክ ማጣመም ቀልድ አይደለም። በረጅሞቹ ዲቪዲዎች መጨረሻ ላይ ደግሞ የአድናቂ ማኅበሩ አባላት ስም ለብዙ ደቂቃ ይዘረዘራል፤ ተዋናዩ አልቆ፣ አናጺው አልቆ፣ ምግብ አቅራቢው አልቆ፣ ተቺው ይከተላል። ሦስተኛው ፊልም በ2004 ከታጨባቸው 11 ኦስካሮች 11ዱንም ወሰደ። የሣር ማጨጃው ልጅ ቤት አቆመ።

ያው ጃክሰን ግን ከ2012 እስከ 2014 "ሆቢት"ን ሲያመጣ 300 ገጽ አካባቢ የሆነችውን የልጆች መጽሐፍ ሦስት ፊልም አደረጋት። ምክንያቶች አሉ፤ ሊሠራው የነበረው ጊየርሞ ዴል ቶሮ መሐል ላይ ተወው፣ የዝግጅት ጊዜው አጠረ። ለእኔ ግን ዋናው ፍርሃቱ መልቀቁ ነው። አንድ ጊዜ ምርቃት የተቀበለ ሰው ሁለተኛ ደጅ አይጠናም። "ጌም ኦፍ ትሮንስ"ም እንዲሁ ነው፤ መጻሕፍቱ እያሉ ጥንቁቅ ነበር፣ ጆርጅ ማርቲን የሚቀጥለውን ጽፎ ሳይጨርስ ሲቀድመው ተቆጣጣሪ እንደሌለው ሰው ሮጠ። በ2019 የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብሎ የፈረመው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። የፈረመውም ቢሆን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሳያይ አልቀረም።

አሁን ተራው እንደገና የሃሪ ፖተር ነው። ኤች ቢ ኦ መጻሕፍቱን በተከታታይ ድራማ ሊያመጣቸው በ2025 ቀረጻ ጀምሯል፤ ዳምብልዶር ጆን ሊትጎ፣ ስኔፕ ፓፓ ኤሲዱ። ጭቅጭቁ ከቀረጻው በፊት ተጀምሯል። ያላነበባችሁ፣ ድራማው ሳይቀድማችሁ አንብቡት፤ የራሳችሁን ሃሪ አንዴ ካበጃችሁ በኋላ የፈለገው ይምጣ። ያነበባችሁ ደግሞ፣ ሌላው ሰው እያየ "መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም" ማለቱን ክፍሉ እስኪያልቅ ያዙት። አልችልም የምትሉ ካላችሁ ከእኔ ጋር እዩ፤ እኔም ዝም ብዬ ማየት አልችልበትም።